ሰማንያ ሁለተኛው ኪስ

በመጀመሪያው እሁድ በዚያች ክፍል ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን። እናቴ፣ በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጣ፣ ጀርባዋን ለብርሃኑ ሰጥታ። ታላቅ ወንድሜ፣ እኔ «ጋሼ» የምለው፣ የሥራ ቱታውን ሳያወልቅ ሶፋው ጫፍ ላይ፣ ሊነሳ እንደተዘጋጀ ሰው። ሚስቱ፣ «እትዬ» የምላት፣ አልጋው ላይ ልብስ እያጣጠፈች። ልጃቸው፣ ሁላችንም «ሚጣ» የምንላት፣ አንደኛ ክፍልን ጨርሳ ክረምቱን ቤት የዋለች፣ ወለሉ ላይ በሆዷ ተኝታ እርሳስ እያኘከች። እና እኔ፣ ወንበር ላይ ቆሜ፣ ሚስማሮች በከንፈሬ ይዤ። ሌላ ሰው አልነበረም። ይህን ማለት ያስፈለገኝ፣ ነገሩ በኋላ በሰፈሩ ሲወራ «እኔም እኮ ያን ቀን ነበርኩ» የሚለው ስለበዛ ነው።

ቱታውንና እርሳሱን የጻፍኩት ቦታ ለመሙላት አይደለም። ሁለቱም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እዚያ ነበሩ።

ግድግዳው ላይ የምሰቅለው ፔሪዮዲክ ሠንጠረዥ ነበር። አብነት ሰፈር አንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ ባነርና የሠርግ ካርድ እሠራለሁ። ዲዛይን ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ኬሚስትሪም እንደዚያው። ከአሥረኛ ክፍል በኋላ ያወቅሁትን ሁሉ ያወቅሁት በስልኬና ከመንገድ ላይ በገዛኋቸው አሮጌ መጻሕፍት ነው። ከትልልቅ ባነሮች ጠርዝ የሚቆረጠውን ትርፍ አጠራቅሜ፣ አለቃዬን አስፈቅጄ፣ የአልጋ አንሶላ የሚያክል ሠንጠረዥ በአማርኛ አተምኩ። አብዛኞቹ ንጥረ ነገሮች የውጭ ስማቸውን በፊደላችን ከመልበስ ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም፤ ሶድየም ሶድየም ነው፣ ኒኬልም ኒኬል። በራሳችን ቋንቋ ስም ያላቸው ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ወርቅ፣ ብር፣ ብረት፣ መዳብ፣ ቆርቆሮ፣ ድኝ፣ ባዜቃ፣ እርሳስ። እነዚህን በቢጫ ቀለም ለየኋቸው፤ በእነሱ ኩራት ቢጤ ይሰማኝ ነበር። መርዝ የሆኑትን ደግሞ በየጥጋቸው ቀይ ነጥብ አደረግሁባቸው። በእያንዳንዱ ሣጥን ላይ ከመታወቂያ ፕላስቲክ የሠራሁትን ትንሽ ኪስ ለጠፍኩ።

ጨዋታው እንዲህ ነበር። እሁድ ከምሳ በኋላ እያንዳንዳችን ከቤት ውስጥ አንድ ንጥረ ነገር ፈልገን እናመጣለን። ያመጣው ሰው ሁለት ጥያቄ ይመልሳል፤ «የት አገኘኸው?» እና «እሱ መሆኑን በምን አወቅህ?» ከመለሰ ኪሱ ይሞላለታል። ካልመለሰ ዕቃው ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ያመጣው ሰውም ጀሪካን ይዞ ውሃ ይቀዳል።

እናቴ ትጠላዋለች ብዬ ነበር፤ ከሁላችንም የባሰች እሷ ሆነች። ጨው በማንኪያ ይዛ መጣች።

«ሶድየም» አለች።

«ጎሽ እማዬ። በምን አወቅሽ?»

«አንተው ነህ የነገርከኝ። ደግሞ ጨው ሶድየምና ክሎሪን ነው አላልክም? እንግዲህ ሁለት ኪስ ሙላልኝ።»

«በአንድ ማንኪያ ሁለት ኪስ?» አለች እትዬ። «እርስዎ እኮ ገበያ ላይ ቢሆኑ ሰው አያተርፍም።»

«ፓኬቱ ላይ ደግሞ አዮዲን አለበት ይላል» አለች እናቴ፣ ወደ እሷ ሳትዞር። «ሦስት።»

ሦስቱንም ሞላንላት። ወርቁን ማንም ሊሰጥ አልፈቀደም። እትዬ የጋብቻ ቀለበቷን አውልቃ ለአፍታ ኪሱ ላይ አስጠጋችና መልሳ አጠለቀችው፤ «አይቷል፣ ይበቃዋል» አለች። ሚጣ ከተበጠሰ ሽቦ መዳብ አመጣች፣ ከክብሪት ዳር ፎስፈረስ ፋቀች። የባዜቃን፣ ማለትም የሜርኩሪን፣ ኪስ በፕላስተር ዘግቼ «አይፈለግም» ብዬ ጻፍኩበት። ሚጣ የመጀመሪያዎቹን ሃያ ንጥረ ነገሮች ስም በቃሏ የምትወርድበት ዜማ የወጣው ያን ክረምት ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እሷ ከሥሩ «ሃይድሮጅን፣ ሂሊየም፣ ሊቲየም» እያለች ትጮኻለች፤ ከዝናቡ ጋር እልህ የተጋባች ትመስል ነበር።

ወንድሜ ግን አይጫወትም። ከአራተኛ ክፍል ነው ያቆመው። እሁድ እሁድ ሶፋው ጫፍ ላይ ይቀመጥና ፈገግ ብሎ ያያል፤ ተራው ሲደርስ «እኔን እለፉኝ» ይላል።

አንድ እሁድ ሚጣ የታኘከ እርሳሷን ከፍ አድርጋ ተነሳች።

«ሰማንያ ሁለት!»

«እሱ አይደለም» አልኳት።

«እርሳስ ይላል። ማንበብ አልችልም እንዴ? እ፣ ር፣ ሳ፣ ስ።»

«እውነቷን ነው» አለች እትዬ እየሳቀች። «የጻፍከው አንተው ነህ፣ ፕሮፌሰር።»

በቢጫ ቀለም የኮራሁበት ስም ነው። ወንበር ስቤ አስረዳኋት። የምትጽፊበት እርሳስ ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር ካርቦን ነው፤ የከሰል ዘመድ፤ ቦታው ስድስተኛው ኪስ ነው። ሰማንያ ሁለተኛው ግን ከባድ ብረት ነው። ስማቸው አንድ ሆነ እንጂ በምንም አይገናኙም።

«ታዲያ ለምን አንድ ስም ሰጧቸው?»

በደንብ አላውቅም ነበር። የማውቀውን ያህል ነገርኳት፤ ድሮ ድሮ፣ የዛሬው እርሳስ ሳይመጣ፣ በሩቅ አገር ሰዎች በእውነተኛው እርሳስ ወረቀት ላይ ያሰምሩ እንደነበር፣ እሱም ግራጫ መስመር እንደሚተው።

ወንድሜ ተነሳ። «እርሳስ ነው የምትፈልጉት?» አለና ወጣ። ሲመለስ መዳፉ ላይ ባቄላ የምታክል የምታበራ ነገር ነበረች።

«ይኸው፤ ሰማንያ ምናምንህ።»

«የት አገኘኸው?» አለች ሚጣ፣ እንደ ዳኛ ቀጥ ብላ።

«ከጓሮ።»

«እሱ መሆኑን በምን አወቅህ?»

ወንድሜ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጥፍር ይጭረዋል። ሲቆርጡት እንደ ብር ያበራል፣ አይተህ ሳትጠግበው ይጠቁራል። እሳት ላይ ስታወጣው ከብረት ሁሉ ቀድሞ እጁን ይሰጣል።»

አጨበጨብን። ሚጣ ዘልላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፣ ፊቷን ቱታው ውስጥ ቀበረች። ከዚያ በፊት ወንድሜን እንደዚያ ሲስቅ ያየሁት አይመስለኝም። ኪሱን በፕላስተር አሸግኩት፤ ቀዩን ነጥብ አሳየኋቸው፤ እንደማይላስ፣ የነካ ሰው እጁን እንደሚታጠብ ነገርኳቸው።

«ስንት ዘመን በእጄ ሳገላብጠው ኖርኩ፣ ምን ሆንኩ?» አለ ወንድሜ። ሆዱን መታ መታ አደረገ። «ያለችኝ ጨጓራ ብቻ ናት። እሷን ደግሞ የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ አለችው።»

ሳቅን። እኔም ስቄያለሁ።

ስለ ጓሮው መናገር አለብኝ። ወንድሜ የመኪና ባትሪ ይጠግናል። ያረጀውን ይከፍታል፣ ውስጡ ያሉትን የሞቱ የእርሳስ ዝርጎች ያወጣል፣ በብረት ድስት ያቀልጣል፣ አዲስ መያያዣ ያፈስሳል። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ትንሽ ሱቅ ነበረችው። ያን ዓመት በበጋው መጨረሻ ላይ፣ ከመንገዱ ዳር ከነበሩት ሁሉ ጋር ፈረሰች። ሌላ ቦታ እስኪያገኝ ብሎ ዕቃውን በጋሪ ጭኖ ጌጃ ሰፈር ወዳለችው ግቢያችን አመጣው። ከኩሽናው ጀርባ ሁለት ቆርቆሮ አዘንብሎ ጥላ ሠራ። ዕቃው ሲገባ ሚጣ ነች በሩን የከፈተችለት፤ አባቷ ከእንግዲህ ቤት ሊውል ነው ብላ እየጨፈረች።

ጭሱ ጥሩ እንዳልሆነ ነግሬው ነበር። «ክፍት ሜዳ ነው፣ ነፋሱ ይወስደዋል» አለኝ። ነፋሱ ወዴት እንደሚወስደው ግቢውን ያየ ሰው ያውቃል፤ ሦስቱም አጥር ከእኛ ቁመት በላይ ነው። ማታ ቱታው በር ላይ ይራገፋል፤ ከሚጣ ዩኒፎርም ጋር በአንድ ሳፋ ይዘፈዘፋል። የልብስ ገመዱ ከጥላው ፊት ለፊት ነው። ከጥላው ሥር ያለው መሬት ቀስ በቀስ ነጭ አመድ የተነሰነሰበት መሰለ።

ከሁሉም በፊት የታመሙት ዶሮዎቹ ናቸው። የእናቴ ዶሮዎች ጓሮውን እየጫሩ የሚውሉ ነበሩ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንገታቸው መዝለፍለፍ ጀመረ፤ ሲራመዱ እግራቸው ይጠላለፋል። በተከታታይ አለቁ። «ፈንግል ነው» አለች እናቴ፤ ዶሮ ሲሞት ማንም ሌላ ነገር አይልም። ቀበረቻቸው፤ ሌላ አልገዛችም። ጓሮው ዝም አለ።

ትምህርት ሲከፈት ሚጣ ሁለተኛ ክፍል ገባች። ምሳ ዕቃዋ እንደሄደ መመለስ ጀመረ። ሆዴን ትላለች፤ ቁርጠቱ ሲነሳባት ጉልበቷን ታቅፋ ወለሉ ላይ ትጠቀለላለች። ከንፈሯ ነጣ። ጤና ጣቢያ «ጃርዲያ» አሉ፣ መድኃኒት ሰጧት። ከዚያ የትል መድኃኒት ሰጧት። ከዚያ «ታይፎይድ» አሉ። እናቴ የሰው ዓይን ነው አለች፤ ጠበል አስጠመቀቻት። ሚጣ ለሳምንት ደህና ትሆንና መልሶ ያደርጋታል። ማኘኳም በዛ፤ የእርሳሶቿ ጫፍ እየባሰ ሄደ፤ እንጨቱ ተበጣጥሶ ጥቁሩ ብቻ ይቀራል። እናቷ አፏን እየከፈተች ስንጥር ታወጣለች፣ ትቆጣታለች።

አንድ እሁድ በጨዋታው መሃል ዜማዋን ስትወርድ ቆመች። «ሶድየም፣ ማግኒዥየም...» ብላ ግድግዳውን ሳይሆን እኔን አየችኝ፤ ዓይኗ ውስጥ የሚፈልግ ነገር ነበር።

«አሉሚኒየም» አልኳት።

«አውቀዋለሁ!» ብላ ጮኸችብኝ፤ ጮኻብኝም አታውቅም። ከዚያ አለቀሰች።

ሕዳር ላይ እትዬ ወደ አንድ ትልቅ ሆስፒታል ወሰደቻት። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ የምጽፈው እሷ በኋላ እንደነገረችኝ ነው። ወጣት ሴት ሐኪም ነበረች። ሌሎቹ ያልጠየቁትን ጠየቀቻት፤ «አባቷ ምን ይሠራል?» ደም ተቀዳ። እዚህ የሚሠራ ምርመራ እንዳልሆነ፣ ውጭ ተልኮ ውጤቱ እስኪመጣ ጊዜ እንደሚወስድ ተነገራት። እትዬ የሥራውን ጥያቄ ካርድ ለመሙላት የተጠየቀች ነው የመሰላት፤ ቤት ስትመጣ አላነሳችውም።

ውጤቱ የመጣው በስልክ ነው። እትዬ ከተክለ ሃይማኖት ወደ ቤት በሚመጣ ሚኒባስ ውስጥ ነበረች፤ ረዳቱ እየጮኸ፣ የሬዲዮው ድምፅ ከፍ ብሎ። አንድ ጣቷን ጆሮዋ ውስጥ ከትታ ሰማች። ቤት ስትደርስ ጫማዋን ሳታወልቅ የሚጣን ቦርሳ ገለበጠችው።

«እርሳስ ነው!» አለች። «ስትበላው፣ ስቆጣት፣ ይኸው! ሐኪሟ እርሳስ ነው አለችኝ። አንድም እርሳስ ከአጠገቧ እንዳይደርስ፣ ከልክያት አለችኝ።»

የተገኘው ሁሉ ተሰበሰበ። ባለ ቀለሞቹ ሳይቀሩ፤ ሶፋው ሥር የወደቁት ሳይቀሩ። ወንድሜ በሁለት እጁ አቅፎ ወሰዳቸውና ባትሪ የሚያቀልጥበት እሳት ውስጥ ከተታቸው። ማታ ከሥራ ስገባ ሚጣ ጥጉ ላይ ኩርፍ ብላ ነበር።

«ለምንድነው የተከለከለችው?» አልኩ።

«ስለምትበላው ነዋ!» አለች እትዬ።

«ማኘኳ ጥሩ አይደለም፤ ግን ካርቦን እኮ ነው። እንጨትና ካርቦን። ያን ያህል አያሳምማትም።»

«አንተ ከሐኪም ትበልጣለህ?»

«አልበልጥም፤ ብቻ...»

«ብቻ ማለትህን ተወው» አለ ወንድሜ ከውጭ። «ሐኪም ካለች አለች ነው።»

ተውኩት። ብዙ ሰው፣ የተማረም ሳይቀር፣ ሁለቱን እርሳሶች እንደሚያምታታ አውቃለሁ። ያችም ሐኪም እንደዚያው መሰለችኝ። እትዬ «በደሟ ውስጥ» የሚለውን ቃል አላነሳችም፤ ሬዲዮው በልቶት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ሁላችንም ደግ የሆንንበት ጊዜ ነው። አሁን ሳስበው የሚያስፈራኝ ይኸው ነው። ሐሳባችን አርፎ ነበር። ጠላቱ ተገኝቷል፣ ተቃጥሏል። እናቴ አጥሚት ትሠራላታለች። ወንድሜ ከሥራው እየተነሳ፣ እጁን በቱታው ላይ ጠረግ ጠረግ አድርጎ፣ ቂጣ ቆርሶ ያጎርሳታል። ሚጣ ግን ከበፊቱ ባሰባት። ደረጃ ላይ ትደክማለች። ስሟን እየጠሯት አትዞርም።

አንድ ቀን፣ ገና አሥራ ሁለት ሰዓት አልሆነም፣ የቤት ሥራዋን ላይላት ተቀመጥኩ። የሒሳብ ደብተሯን ገለጥኩ። ቁጥሮቹ እንግዳ ነበሩ። ቀጭን፣ ደብዛዛ፣ ብርማ ግራጫ፤ ወደ መስኮቱ ሳዘነብለው የሚያብለጨልጩ። ወረቀቱ በየቁጥሩ ሥር ገባ ብሏል፤ ሚስማር የሄደበት ይመስላል።

በሥራዬ ቀለም መለየት ልማዴ ነው። ይህ የእርሳስ ቀለም አልነበረም።

«ሚጣ፣ ይሄን በምን ጻፍሽው?»

በሩን አየች። ሌባ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። «ለእማ አትነግራትም?»

«አልነግራትም።»

ከአፏ ነው ያወጣችው። ጉንጯ ውስጥ ነበረች። እንደ ትንሽ ጣት የረዘመች፣ ጫፏ የሾለ፣ ከባድ። መዳፌ ላይ ሞቃ ነበረች። ዙሪያዋን በሙሉ የጥርስ ምልክት ነበረባት።

«አባዬ ነው የሠራልኝ» አለች። «ይሄኛው አይደለም የተከለከለው። ይሄኛው የእሱ ነው፤ የሰማንያ ሁለት። አንተ እኮ ነህ ድሮ በዚህ ይጽፉ ነበር ያልከው።»

እትዬን ጠራኋት። ከኩሽና እጇን እየጠረገች ገባች፣ እናቴም ከኋላዋ።

«እትዬ፣ ሐኪሟ ምን አለችሽ? ቃሏን። ራሷ ያለችውን ቃል።»

«እርሳስ አለችኝ አልኩህ። ሌላ ምን ትበለኝ?»

«ደውዪላት። ድምፁን ወደ ውጭ ልቀቂው።»

«ምን ሆነሃል? ፊትህ...»

«እባክሽ ደውዪ።»

ወንድሜ ድምፃችንን ሰምቶ መጥቶ ደጃፉ ላይ ቆመ። ሚጣ እጄ ላይ ያለውን አይታ «አባዬ፣ ቀማኝ!» አለችው። እሱም አይቶ አፈረ፤ ስስታም ሳይሆን ለጋስ ሆኖ የተያዘ ሰው የሚያፍረውን ዓይነት።

«ስታለቅስ ጊዜ...» አለ። «ያኛው እርሳስ መርዝ ነው ካሉ፣ ይሄ ደግሞ ንጹህ ነው። አዲስ ነው ያፈሰስኩት።»

ስልኩ ተነሳ። ሐኪሟ ማን እንደሆንን ስትሰማ ወዲያው «ልጅቷ እንዴት ናት? ለምን አልመጣችሁም?» አለች።

«እርሳስ እንዳሉኝ ሁሉንም አቃጥያለሁ» አለች እትዬ። «ደብተር ላይ የምትጽፍበትን በሙሉ። ግን አልተሻላትም።»

«የምትጽፍበትን አይደለም» አለች ሐኪሟ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እያስቀመጠች። «ብረቱን ነው። ባለቤትሽ የሚያቀልጠውን። በደሟ ውስጥ ያለው እሱ ነው። ከአባቷ ሥራ አርቂያት ነበር ያልኩሽ።»

ጓሮ ውስጥ ከድስቱ ሥር ከሰሉ ሲሰነጠቅ ይሰማል። ወንድሜ እጆቹን አየ፤ መዳፉን፣ ከዚያ ገልብጦ ጀርባውን። ሚጣ ፊቱ የተለወጠው በእሷ ምክንያት መስሏት ሮጠችለት፤ እንደ ሁልጊዜው ልትጠመጠም።

«አትምጪብኝ!»

በሕይወቷ ጮኾባት አያውቅም። መሃል መንገድ ላይ ቆመች። እሱ እጆቹን እንደ ተማረከ ሰው ወደ ላይ አንስቶ፣ ወደ ኋላ እየሄደ ወጣ። ቱታውን ግቢ ውስጥ አወለቀው። በውስጥ ልብሱ፣ ጎረቤት እያየው፣ ቧንቧው ሥር ቆሞ እጁን ሲያሽ፣ ሲያሽ፣ ሚጣ ከውስጥ «ምን አደረግሁ?» ትል ነበር።

እናቴ ዱካዋ ላይ ተቀመጠች። «ዶሮዎቹ» አለች።

የቀረውን አሳጥራለሁ። በማግሥቱ እትዬና ሚጣ አስኮ ወደምትኖር እህቷ ሄዱ። ወንድሜ ዕቃውን አስወጣ፤ የጓሮውን አፈር እስከ ጉልበቱ ቆፍሮ በማዳበሪያ ከረጢት እየሞላ አስጫነው። እኔና እናቴ ግድግዳውን፣ ወለሉን፣ የሶፋውን እግር ሳይቀር በእርጥብ ጨርቅ እየወለወልን ጨርቁን ጣልን። ሚጣ ሆስፒታል ተኛች፤ መድኃኒቱ በቀላሉ የሚገኝ አልነበረም፤ ተገኘ። ከደሟ ውስጥ ያለው ቀስ በቀስ ወረደ። ቁርጠቱ ለቀቃት፣ ከንፈሯ ቀላ። ወንድሜ ዛሬ መኪና ያጥባል፤ ቤት ሲገባ አሁንም በሩ ላይ ቆሞ እጁን ለረጅም ጊዜ ይታጠባል። ሚጣን ራሷ መጥታ ካልያዘችው አይነካትም።

ሐኪሟን የጠየቅኋት አንድ ነገር ብቻ ነበር። «አእምሮዋን ነክቶት ይሆን?»

«ከደሟ ወጥቷል» አለችኝ። «ሳለ ምን እንደወሰደ ግን ማወቅ የሚቻለው በፊት እንዴት እንደነበረች በማወቅ ነው። እናንተ ናችሁ የምታውቁት።»

እኛ ነን የምናውቀው።

ሚጣ አሁን አራተኛ ክፍል ናት። ጎበዝ ናት ይላሉ፣ ትንሽ ዝግ ትላለች እንጂ። ሠንጠረዡ ግድግዳው ላይ አለ፤ አጥቤ መልሼ የሰቀልኩት እሷ ስለለመነችኝ ነው። ከኪሶቹ ጥቂቶቹ ተሞልተዋል። ስትጫወት ታሊየም ትልና ዘልላ ቢስሙት ትላለች። በመሃል ያለውን አትጠራውም፤ ቤት ውስጥ እንደማይጠራ ዘመድ። ዜማዋ ግን ከማግኒዥየም በኋላ አንዳንድ ቀን ይቆማል። ግድግዳውን ትታ ያያት ሰው ላይ ዓይኗን ትጥላለች፤ አሁንም የሚፈልግ ነገር አለበት። ያ መቆም ከመጀመሪያው የነበረ ይሁን፣ ወይስ በዚያ ዓመት የመጣ፣ እኔ እርግጠኛ አይደለሁም። እርግጠኛ አለመሆን ለእኔ ከባድ ነው።

ስለዚህ በዚያች ክፍል የነበራችሁት፣ የማስታውሰው ላይ ጨምሩልኝ፤ የተሳሳትኩትንም አርሙልኝ። እማዬ፣ አንቺ ከዱካሽ ላይ አፏን ፊት ለፊት ታዪ ነበር። እትዬ፣ አንቺ በጠዋት ፀጉሯን እየሠራሽ ዜማውን ትሰሚው ነበር። ጋሼ፣ አንተ «እለፉኝ» ስትል እንኳ ከሁላችን በላይ ታደምጣት ነበር። የመጀመሪያው ክረምት ላይ፣ ዕቃው ጓሮ ገብቶ ብዙም ሳይቆይ፣ ዝናቡ ሲመታ፣ ሚጣ ከሃይድሮጅን እስከ ካልሲየም ሳትቆም ትወርድ ነበር? እኔ አዎ እላለሁ። እናንተ የሰማችሁትን ንገሩኝ።